ስም ያለው፣ ቦታ የሌለው

ሳውንድ ካርዱ ተሰክቷል። የኮምፒውተሩን ሽፋን የፈታ ሁሉ ያየዋል፣ በጣቱም ይነካዋል። ማሽኑ በርቶ፣ ሊነክስ የተባለው ሥርዓት ተነሥቶ ስለ ድምፅ ሲጠየቅ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ አላውቅም ይላል። ዓይንና እጅ የመሰከሩለትን ነገር ማሽን ሲክድ የሰው የመጀመሪያ ግምት ካርዱ ተበላሽቷል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊነክስ የማይረባ ነው የሚል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ግምቶች ስሕተት ናቸው። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ሊነክስም አልዋሸም። ሁለት እውነተኞች ስለ አንድ ነገር የሚቃረን ምስክርነት ከሰጡ ደግሞ መመርመር ያለበት ጥያቄው ነው እንጂ ምስክሮቹ አይደሉም። አንድ ነገር አለ የምንለው ስለተገኘ ነው? ስለታወቀ ነው? ወይስ ከሌሎች መካከል የራሱን ቦታ ስለያዘ? ዛሬ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አሮጌ ሳውንድ ካርድ ይህን ጥያቄ ከብዙ የፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ አፍጥጦ ያቀርበዋል።

የማወራው ስለ አንድ የተወሰነ ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡትን የፕለግ ኤንድ ፕሌይ ደንብ ተከትለው፣ አይኤስኤ ለሚባለው የቆየ መሰኪያ ስለተሠሩ ካርዶች፤ ከእነዚህ መካከል በጣም የታወቁት የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ሳውንድ ብላስተሮች ናቸው። ደንቡ የገባው ቃል ሰክተህ ተጠቀም የሚል ነበር። በሀብታም አገር እነዚህ ካርዶች ከተጣሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እንደ መንዟ መሐል ሜዳ ላለ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍታ አልፎ ለተቀመጠ የደጋ ከተማ ግን የዕቃ ዕድሜ የሚቆጠረው በሌላ መንገድ ነው። ኮምፒውተር ወደዚያ የሚወጣው ብዙ እጅ ካለፈ በኋላ ነው፤ በየእጁም አንድ ነገር ይቀርበታል። መጀመሪያ ካርቶኑ፣ ቀጥሎ የመመሪያው መጽሐፍ፣ በመጨረሻም የድራይቨሩ ዲስክ ይጠፋል። የሚደርሰው ብረቱ ብቻ ነው። የፈቃድ ክፍያ የማይጠይቀውና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ሊነክስ እንዲህ ላለው ብረት የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ስለ ካርዱ ማንነት የሚነግረው ሰው ወይም ወረቀት ከሌለ ካርዱን ራሱን ከመጠየቅ በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። እንግዲህ ዕቃ ስለ ራሱ ምን ያውቃል?

ከዚህ ትውልድ በፊት የነበሩት ካርዶች ስለ ራሳቸው ምንም አያውቁም ነበር። ጃምፐር የሚባሉ ትንንሽ ማገናኛዎች ነበሯቸው፤ ባለቤቱ እነዚህን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ ሦስት ነገር ይወስናል። አንደኛው ካርዱ የሚጠራበት የወደብ አድራሻ ነው፤ ሁለተኛው ካርዱ በተራው ፕሮሰሰሩን ሥራ አስቁሞ የሚጣራበት መስመር፣ ማለትም አይአርኪው ነው፤ ሦስተኛው ድምፁን ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ከሜሞሪ የሚቀዳበት የዲኤምኤ መንገድ ነው። በሳውንድ ብላስተር የተለመደው አድራሻ 220፣ አይአርኪው 5፣ ዲኤምኤ 1 ነበር። ያ ካርድ ማን ነህ ቢሉት መልስ የለውም፤ 220 ላይ ሄዶ የጠራው ግን ያገኘዋል። አዲሱ ትውልድ ይህን ገለበጠው። እያንዳንዱ ካርድ ከፋብሪካ የሚወጣው 72 ቢት መታወቂያ ተቀርጾበት ነው፤ 64ቱ ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራውና ከመሰሎቹ ስንተኛው እንደሆነ ይናገራሉ፤ 8ቱ የቀደሙት በትክክል መነበባቸውን ማረጋገጫ ናቸው። አድራሻ ግን የለውም፤ መስመርም መንገድም አልተሰጠውም። መብራት ሲያገኝ እስኪጠራ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የፊተኛው ቦታ ያለው ስም የለሽ ነበር፤ የኋለኛው ስም ያለው ቦታ የለሽ ሆነ። እኛ ሰዎች ስምን ከቦታ ስለምናስቀድም ይህን እድገት ብለን እንጠራዋለን። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ስም የለሹ ካርድ ይሠራ ነበር፤ ባለ ስሙ ገና አልሠራም።

በዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ለካርዱ አድራሻ ለመስጠት ካርዱን መጥራት ያስፈልጋል፤ ለመጥራት ደግሞ አድራሻው ያስፈልጋል። የደንቡ ጸሐፊዎች ይህን የፈቱበት መንገድ ከቴክኒክ ውበቱ በላይ የሚያሳስብ ነገር አለው። ሁሉም ካርዶች የሚያደምጡት አንድ የጋራ ወደብ፣ 279፣ ተወሰነ። በዚያ ላይ 32 ባይት የሆነ፣ በአጋጣሚ ሊደገም የማይችል የመጥሪያ ቃል ይላካል፤ ካርዶቹ ይነቃሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ መታወቂያቸው ቢት በቢት ይጠየቃሉ። ተራው የደረሰው ቢት 1 የሆነለት ካርድ ይናገራል፤ 0 የሆነበት ዝም ብሎ ያዳምጣል። ዝም ያለው ሌላ ሲናገር ከሰማ ለዚህ ዙር ከውድድሩ ይወጣል። 72ቱ ቢት ሲያልቅ የሚቀረው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ የቀሩት እንደገና ከመጀመሪያው ይጠየቃሉ፤ ማንም ሳይጠራ አይቀርም፤ ቀድሞ መጠራትም ማዕረግ አይደለም። ደጋግሜ የማስበው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሥርዓት የሚናገረው ካርድ ብቻውን ይናገር ወይም ሌሎችም አብረውት ይናገሩ አያውቅም። የሌላውን መኖር ማወቅ የሚችለው በዚያች ቅጽበት ዝም ያለው ብቻ ነው። እውቀቱን የሚያገኘውም ዕድሉን በሚያጣበት ቅጽበት ነው። ይህን የጻፉት መሐንዲሶች ስለ ሰው ልጅ እያሰቡ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ቢያስቡ ኖሮ እንዲህ አሳጥረው መጻፍ መቻላቸውን እጠራጠራለሁ።

ካርዱ ስሙን ከተናገረ በኋላ ስለ ቦታ ይጠየቃል። መልሱ ጨዋነት አለው። ይህ ይገባኛል ብሎ አይጠይቅም፤ የሚችለውን በደረጃ ይዘረዝራል። አድራሻ 220፣ አይአርኪው 5፣ ዲኤምኤ 1 ቢሆንልኝ እመርጣለሁ፤ ካልሆነ ግን አይአርኪው 7ም 10ም ይስማማኛል፣ አድራሻው 240ም 260ም ቢሆን እሠራለሁ ይላል። በድሮው ሊነክስ ይህን ዝርዝር የሚያወጣው ፒኤንፒደምፕ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ የሠራው ፒተር ፎክስ ነው። ፕሮግራሙ ካርዶቹን ሁሉ አነጋግሮ መልሳቸውን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያቀርባል። የሚገርመው የጽሑፉ አቀራረብ ነው፤ አማራጮቹ ሁሉ ተጽፈዋል፣ ነገር ግን በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ # ምልክት አለ፤ ይህ ምልክት ያለበት መስመር ደግሞ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የሚቻለው ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ የሚሆነው ግን ገና አንድም የለም። ሰውየው ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ያመዛዝናል፣ ከዚያም ከመረጠው መስመር ላይ ምልክቱን ያነሣል። አዲስ ቃል አይጨምርም። መምረጥ ማለት እዚህ ላይ ክልከላን ማንሣት ብቻ ነው። በመጨረሻ ካርዱን ሥራ የሚያስጀምረው አጭር መስመር አለ፤ እሱም እንደ ሌሎቹ በ# ታግዷል። ሰውየው ሁሉንም በትክክል መርጦ ይህችን ከዘነጋ ካርዱ ቦታውን ያውቃል፣ ቦታውም ባዶ ነው፣ ግን አይቀመጥበትም።

የመንዝ ሰው የዚህን ነገር ሥር ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። በርስት ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥር ነበር፤ በአባቱም በእናቱም በኩል መቁጠር ይችላል። ቆጠራው ያስገኘለት ግን ከዚያ አባት መሬት ድርሻ አለኝ የማለትን መብት እንጂ ይህን ማሳ ወይም ያን ማሳ አልነበረም። የትኛው ማሳ የሚለው ከሌሎቹ ባለርስቶች ጋር፣ በሽማግሌ ፊት፣ ብዙ ጊዜም በረጅም ሙግት የሚወሰን ነበር። ስም መብት ይሰጣል፤ ቦታ የሚሰጠው ሌላ ነው። እስከዚህ ድረስ ካርዱና ባለርስቱ አንድ ናቸው። ከዚህ በኋላ ግን ይለያያሉ፣ ልዩነቱም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የባለርስቱ ስም ሌሎችን በውስጡ ይዟል፤ ትውልድ ሲቆጥር ወንድሞቹን፣ የአጎቱን ልጆችና ባላጋራዎቹን ጭምር እየቆጠረ ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት ይነግረዋል። በካርዱ 72 ቢት ውስጥ ግን ጎረቤት የለም። አጠገቡ የኔትወርክ ካርድ ይሰካ ወይም ሞደም፣ አይአርኪው 5ን ማን እንደያዘው፣ ከመታወቂያው ውስጥ አንድም ፍንጭ አይገኝም። ሌሎቹን ከውጭ የሚያመጣለት ሰው ያስፈልገዋል። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር መንዝም ወደ ካርዱ ሁኔታ ተጠጋች፤ ድርሻ ሰጪው ቆጠራው መሆኑ ቀርቶ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ሆነ። የመንዝ የጋራ የሣር ምድር የሆነው የጓሳ ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። እንደ ማሳ በየሰዉ አልተሸነሸነም፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት በጋራ ይታጨድ ነበር። ፒሲአይ የሚባለው ተከታይ መሰኪያ እንደ ጓሳው ለሁለት ካርዶች አንድ መስመር በጋራ መጠቀምን ፈቀደ፤ አይኤስኤ ግን ጓሳን አያውቅም፣ ሁሉም ማሳ ነው።

ጠቅላላውን የሚያይ ማን ነው? ጥያቄው ወደዚህ ይጠብባል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት መስመሮች ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ናቸው፤ 0ን ሰዓት ቆጣሪው፣ 1ን ኪቦርዱ፣ 6ን ፍሎፒው፣ 14ን ሃርድ ዲስኩ ቀድመው ይዘዋል፤ ሌሎቹም ተይዘው ለአዲስ መጪ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ይህን ማየትና ማካፈል እኔ እሠራዋለሁ ብሎ ከተጠቃሚው ወሰደው። ሲሳካለት ማንም ምን እንደተደረገ አያውቅም፤ ሳይሳካለት ሲቀርም ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ሊነክስ ግን ማካፈሉን ጽሑፍ አድርጎ ለሰው ሰጠ፤ የትኛው መስመር በማን እንደተያዘ የሚያሳይ ፋይልም አብሮ ሰጠ። ከሁለቱ በፊት ደግሞ ባዮስ አለ፤ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው እሱ ነው። ባዮስ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ጥያቄ ተቀምጧል፦ የጫንከው ሥርዓት ፕለግ ኤንድ ፕሌይ ያውቃል ወይ? ለሊነክስ ተጠቃሚዎች ይሰጥ የነበረው ምክር አያውቅም በል የሚል ነበር። አያውቅም ከተባለ ባዮሱ ካርዶቹን ራሱ ያከፋፍላቸዋል፤ ያውቃል ከተባለ ለሚመጣው ሥርዓት ይተውለታል፣ የሚመጣው ሥርዓትም ካልደረሰበት ካርዱ ያለ ቦታ ያድራል። አላዋቂ ነኝ ያለ ተዘጋጅቶ ይቀርብለታል፤ አውቃለሁ ያለ ራሱ ይሠራል።

ሰው ክፍት ሥርዓትን ሲያመሰግን ብዙ ጊዜ ነፃነት የሚለውን ቃል ያነሣል። በዚህ ጉዳይ ላይ ነፃነቱ የት እንዳለ ስፈልግ ብዙ አላገኘሁም። የሚመረጡት አድራሻዎች ጥቂት ናቸው፣ ክፍት መስመሮቹ ከዚያም ያነሱ፣ ካርዱ የሚቀበላቸውም አስቀድሞ የተወሰኑ። ብዙ ጊዜ በሁሉም ሚዛን የሚያልፈው አንድ መልስ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም ዊንዶውስ ቢሆን ይመርጠው የነበረው ነው። ታዲያ ያንኑ መልስ ራሴ መጻፌ ምን ጨመረልኝ? አንድ ተጠራጣሪ ሰው መዝሙር ለመስማት የተቀመጠን ሰው ስለ ዲኤምኤ ማስጠናት ግፍ ነው ቢለኝ የምመልስለት ቀላል መልስ የለኝም። ድምፅ የሚፈልግ ድምፅ ይገባዋል። ነገር ግን የ# ምልክቱን ያነሣ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ካርዱ 5ን ያገኘው ሌላ ስላልፈለገው ወይም ሌላው ስለለቀቀለት መሆኑን። ዝግጁ ሆኖ የቀረበለት ሰው ግን 5 ከመጀመሪያው የሳውንድ ካርዱ ይመስለዋል። የፊተኛው ያገኘው ነፃነት አይደለም ብዬ አምናለሁ። ያገኘው ጎረቤቶችን የማየት ግዴታ ነው፣ ግዴታ መሆኑን ሳይሸሽግ የመጣ ግዴታ። ለእኔ ከነፃነቱ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ የማይበልጥበት ሰው ቢኖርም አልፈርድበትም።

ነገሩ ካልተሳካ የሚከተለው ዝምታ ነው፤ ዝምታው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ካልተጠራው ካርድ የሚመጣ ዝምታ አለ፤ እሱን ተናግሬያለሁ። የዲኤምኤ መንገዱ ከተሳሳተ ድምፁ የሚቀዳበት ስለሌለ ፕሮግራሙ ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። አይአርኪው ሲሳሳት ግን የሚሰማው ከዝምታም የባሰ ነው። ካርዱ የተሰጠውን ቁራጭ ድምፅ ያጫውትና ጨርሻለሁ ብሎ ይጣራል፤ ጥሪው ማንም በማያዳምጥበት መስመር ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ቁራጭ ስለማይመጣለት ያንኑ የመጀመሪያውን ደግሞ ደጋግሞ ያጫውታል። አንድ ክፍለ ቃል ማለቂያ በሌለው መንተባተብ ይመላለሳል። ካርዱ ግን የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ነው። ሌላም አለ፤ ያሮስላቭ ኪሴላ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው አልሳ የሚባለው የሊነክስ የድምፅ ሥርዓት፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ ስሙ ታውቆ፣ ቦታው ተሰጥቶ ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የድምፅ መንገዶቹን በሙሉ ድምፅ አልባ አድርጎ ይጀምር ነበር። ስንት ሰው ያልተበላሸ ካርድ ነቅሎ ጥሎ ይሆን! ምክንያቱ ድንገተኛ ጩኸት ድምፅ ማጉያንና ጆሮን እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ነው፤ ምክንያቱን ላላወቀ ሰው ግን ይህኛው ዝምታ ከሌሎቹ በምንም አይለይም። ከውጭ ለሚሰማ ሰው የተከለከለ፣ የጠፋና የሌለ ድምፅ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚገኘው ወደ ውስጥ ገብቶ ለጠየቀ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ የቀረው መሆኑን ሲያውቅ ከደስታው ይልቅ ንዴቱ ይቀድማል።

ሁሉም ከተሳካ በኋላም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። ካርዱ መታወቂያውን አይረሳም፤ በውስጡ ተቀርጿል። የተሰጠውን ቦታ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳል፤ ሲበራ እንደገና ስም ብቻ ሆኖ ይጠብቃል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት አገር ይህ በቀን ውስጥ ሊደጋገም ይችላል። ስለዚህ የካርዱ ቦታ የሚኖረው ካርዱ ውስጥ አይደለም፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር በሚነበብ ፋይል ውስጥ ነው። ማንነቱ የራሱ ነው፤ የት እንዳለ ግን ሌላው ያስታውስለታል። አንድ ነገር አለ የሚባለው በምንድን ነው ለሚለው፣ ለዚህ ካርድ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሣል። መገኘቱ በእጅ ይረጋገጣል፣ ማንነቱ በ72 ቢት ይረጋገጣል፣ መሥራቱ ግን በየማለዳው እንደ አዲስ የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱም ሰነድ ካልተጠበቀለት የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የወጣው የሊነክስ እምብርት፣ ማለትም ከርነል 2.4፣ ይህን ማካፈል ወደ ራሱ አስገብቶ የሰውየውን ድካም አቅልሎለታል፤ ከዚያ ወዲህ ፋይሉን በእጅ ማረም ብዙም አላስፈለገም። ድካሙ በመቅረቱ አላዝንም። ጽሑፉ ከሰው ዓይን በመራቁ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱም ማካፈሉ አልቀረም፣ የሚያነበው ነው የቀረው።

እንዲህ ያለ ማሽን በእጃችሁ ያላችሁ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በቤት፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ካርዱ ከሠራላችሁ በኋላ አድራሻውን፣ አይአርኪውንና ዲኤምኤውን፣ እነዚያን መስመሮች ሊሻሙ ይችሉ የነበሩትን ሌሎች ካርዶችም ጭምር፣ በወረቀት ጽፋችሁ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። ሃርድ ዲስኩ ሲሞት ፋይሉም አብሮት ይሞታል፤ ከእናንተ በኋላ የሚከፍተው ሰው ደግሞ ከካርዱ የሚያገኘው ስሙን ብቻ ነው።